ከድጡ ወደ ማጡ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የአንድ የልጆች ዋና ቡድን ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ዋና አላስተምርም። ራሴም ብሆን ከወገቤ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ወደዚህ ጉዳይ የጎተተኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ዋና ይማሩ ነበር። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በዚያች ትንሽ ቡድን ላይ የደረሰውን ነገር በማስታወሻ ይዤው ቆየሁ።

የማንንም ስም አልጠራም። ቦታዎቹንም በደፈናው ነው የምገልጻቸው። ስህተቱ የሁላችንም ስለነበር አንድ ሰው ተለይቶ እንዲወቀስ አልፈልግም። ደግሞ አንዱን ዳርቻ «ይኼ መጥፎ ነው» ብዬ በስም ብጠራ፣ ሌላው ንጹሕ ነው የሚል ወሬ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ሐይቁና ቡድኑ

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። የሚወጣለት ወንዝ የለም። ስለዚህ ከከተማው፣ ከእርሻውና ከየሰፈሩ ጎርፍ ጠርጎ ያስገባው ነገር ተመልሶ የሚሄድበት በር የለውም።

ልጆቹ 14 ነበሩ፤ ከ8 እስከ 13 ዓመት። ሁለቱ የአሣ አጥማጅ ልጆች ናቸው፤ የቀሩት እንደ እህቴ ልጅ ያሉ፣ ሐይቁን በአብዛኛው ከፍቅር ሐይቅ መናፈሻ ላይ ሆነው የሚያዩት የከተማ ልጆች። አሠልጣኛቸው ሐይቅ ዳር ያደገ ወጣት ነው። ልጆቹ «ኮች» ይሉታል፤ እኔም እዚህ ኮች እለዋለሁ። ገንዘብ አይቀበልም። አንዳንድ እናት ዳቦ በሻይ ትልክለት ነበር፤ ክፍያው እሱ ነው።

ኮች ቦታውን የመረጠው አስቦበት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፊላና ቄጠማ እንደ አጥር የከበበው አንድ ጥግ አለ። ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉን ፊላው ይሰብረዋል። ውሃው ብዙ እርምጃ ድረስ የሕፃን ወገብ አያልፍም። ዝም ያለ፣ የሞቀ፣ ወለሉ የሚታይ ውሃ ነው። ሰዓቱም ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሆነ፤ ፀሐይ ጠንከር ስለሚል ልጆቹ አይበርዳቸውም።

እህቴ መጀመሪያ ቀን አይታው «ይኼማ ገንዳ ነው እንጂ ሐይቅ ነው እንዴ?» አለች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሥራዬ ጥገኛ ትል መፈለግ ነው። በዚያን ሰዓት ግን የታየኝ የማያሰጥም ውሃ ብቻ ነው።

አምስተኛው ሳምንት

ልጆቹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ከውሃ ሲወጡ እግራቸውን ያኩ ነበር። ፊላው ነው ተባለ። ቫዝሊን ተቀቡና ተረሳ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሦስት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ታመሙ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት። አንዷ ሰውነቷ ላይ ንብ የነደፋት የሚመስል እብጠት ወጣባት። ሦስቱም የተለያየ ክሊኒክ ሄዱ። ሦስቱም «ታይፎይድ» ተብለው ተመለሱ። እኛ አገር ትኩሳት ይዞት ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ የታዘዘለት ሰው ከታይፎይድ ነጻ ሆኖ መውጣቱ ራሱ ዕድል ነው። ምርመራው ድሮ ባለፈ ሕመምም በሌላ ጀርምም ፖዘቲቭ ይላል። አንቲባዮቲክ ጀመሩ። በአሥር ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ። መድኃኒቱ ሠራ ተባለ።

የእህቴ ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነበር። የደም ምርመራ ወረቀቱን እህቴ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት። ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ከልኩ በብዙ አልፏል። ታይፎይድ እንዲህ አያደርግም። ሰውነት ውስጥ የሚዞር ትል ግን ያደርጋል።

ሰገራውን ራሴ አየሁት። ምንም የለም። በማግስቱ ደገምኩት። አሁንም የለም። እህቴ እፎይ አለች። እኔም ነገሩን ትቼው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ይኼ ነው፤ የእኔ ነው። ልጁን የያዘው ቢልሃርዚያ ነበር፤ ከሐይቅ ውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል ነው። ትሉ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጅበታል። በሰገራ ምርመራ የምናየው እንቁላሉን ነው። ልጁን ያተኮሰው ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለው ትል ነው። ስለዚህ ልጁ በታመመበት ሰዓት ሰገራው ውስጥ እንቁላል ማጣት «የለበትም» ማለት አይደለም፤ «ገና ነው» ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ለፈተናም መልሼዋለሁ። የራሴ ዘመድ ሲመጣ ግን ደህና ነው የሚለውን መልስ ቶሎ ፈለግሁት።

አንዲት እናት ደግሞ ከኔ ቀድማ ቢልሃርዚያን ጠርጥራ ነበር። አሣ አጥማጅ ጎረቤቷ ናቸው የነገሯት። ከፋርማሲ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት ገዝታ በዚያው በነሐሴ ለልጇ ሰጠችው። ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልነበረም። መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። ገና ለጋ የሆነውን አይነካውም። ልጁ ያን መራራ ክኒን በከንቱ ዋጠ።

የማያሰጥመው ውሃ ለምን ጎዳቸው

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢልሃርዚያ ያለበት ሰው ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ተባዝቶ፣ ሹካ የመሰለ ጭራ ያለው ሌላ እጭ ሆኖ ይወጣል። በዓይን አይታይም። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። መዋጥ አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

ይህን ትል የሚሸከመው ቀንድ አውጣ ወርደ ጠባብ ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አለ። የሚወደው ቦታ ዝም ያለ፣ የሞቀ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ፊላ የበዛበት ውሃ ነው። እጩን በብዛት የሚለቀው ደግሞ ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ እስከ ቀትር አልፎ ባለው ጊዜ ነው።

አሁን ኮች የመረጠውን ቦታና ሰዓት መልሳችሁ አንብቡት። ልጅ እንዳይሰጥም ተብሎ የተመረጠው እያንዳንዱ ነገር ለቀንድ አውጣው የተመረጠ ነበር። የውሃው ጥራትም አሳሳተን። ብዙ ሰው የቆሸሸ ውሃ በዓይኑ የሚለይ ይመስለዋል። ያ ውሃ ኩልል ያለ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ለመጻፍ ይከብዳል። በአካባቢው ሽንት ቤት አልነበረም። ልጆቹ ሲጨንቃቸው ፊላው ውስጥ ነበር የሚገቡት። አንድ ልጅ በሽታው ካለበት እዚያው የሚዋኙትን ጓደኞቹን የሚያስይዘው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ለወላጆች ስናገር ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ አባት «እኛም ልጅ ሆነን እንደዚያው ነበርን» አሉ።

ወደ ገላጣው ዳር

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥርጣሬዬን ለኮች ነገርኩት። ሰውየው አልተከራከረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ፊላ ወደሌለበት፣ ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ገላጣ ዳር ሄደ። ማዕበል አለው፤ ወለሉ አሸዋ ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚጣበቅበት ተክል የለም። ለቢልሃርዚያ ሲታይ የተሻለ ምርጫ ነው። ልብ በሉ፣ የተሻለ ነው ያልኩት። ነፋስና ማዕበል እጩን ከሌላ ቦታ ሊያመጣው ይችላል።

እኛ ግን አደጋ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ትተነው የመጣን መሰለን። ስለ ቀንድ አውጣ ስናወራ ስለ ጥልቀት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቀኑ መስከረም ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። እኔም ነበርኩ። ኮች አራት ጀማሪዎችን በጀርባቸው ሲያንሳፍፍ ነበር። ሁለት እናቶች ዳር ተቀምጠው ያወራሉ። አንድ አባት በስልካቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከቡድኑ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። የረገጠው አሸዋ አለቀ።

ድምፅ አልነበረም። ይኼን ደጋግሜ እናገራለሁ። ሁላችንም የምንጠብቀው ልጅ ሲሰጥም «ድረሱልኝ!» ብሎ እንዲጮህ፣ እጁን እንዲያውለበልብ ነው። የሚሰጥም ልጅ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳን ሳይበቃው ነው፤ በምን ይጮኻል? እጁም ወደ ጎን ተዘርግቶ ውሃውን ቁልቁል ይጫናል እንጂ አይውለበለብም። ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። የሚጫወት ይመስላል። የአባትየው ቪዲዮ ላይ ልጁ ከኋላ ይታያል። እያዩት ነው የቀረጹት፤ ግን አላወቁም።

ያየው አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ተቀምጦ ከመረቡ ላይ ቆሻሻ ሲለቅም ነበር። አልጮኸም። ጀልባው ውስጥ የነበረችውን ባዶ ቢጫ ጀሪካን ታቅፎ ገባ። ልጁ ጀሪካኗ ላይ ተጠመጠመ። ቀዛፊው በሌላው እጁ ጎተተው። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ይመስለኛል።

ጀሪካኗ ትልቅ ነገር ናት። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ያንቃል፤ ባዶ እጁን የገባ አዳኝ አብሮ የሚሰጥመው ለዚህ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን አዋቂ ሰውም ይዞ ይንሳፈፋል።

ዳር ሲደርስ ደግሞ ሌላ ግርግር ተነሳ። አንድ መንገደኛ ልጁን በእግሩ አንጠልጥሎ ውሃውን ሊያፈስለት ፈለገ። ሆዱን ለመጫን የተዘጋጀም ነበር። ኮች ገፋ አድርጎ አስቆማቸው። ልጁ ይተነፍስ ነበር፤ ያስለው ነበር። በጎኑ አስተኛው፤ ፎጣ አለበሰው። ሆድ መጫን ትውከት ወደ ሳንባ ያስገባል እንጂ የሚጠቅመው ነገር የለም። ልጁ ባይተነፍስ ኖሮ ቶሎ አፍ ለአፍ 5 ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን መጀመር ነበረበት። ኮች ይህን የሚያውቀው ከአንድ የቀይ መስቀል ስልጠና ነው። ከኛ መካከል ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጤና ባለሙያ ነኝ የምለው እኔም እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ባጃጅ አቁመን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ውሃ ሳንባው ውስጥ የገባ ልጅ መጀመሪያ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊከብደው ስለሚችል እስከ ማታ አቆዩት። ማታ ወደ ቤቱ ገባ።

ፕሮግራሙ በዚያው ቆመ። እህቴ ማታ ላይ ቡና እያፈላች «ከድጡ ወደ ማጡ ነው የወሰዳችኋቸው» አለችኝ። ቀጥላም «አንቺ የላብራቶሪ ሰው ሆነሽ» አለች። አልጨረሰችውም።

ሁሉም ሰው መፍትሔ ነበረው

ሁለት ሳምንት ያህል በስብሰባ አለፈ። አንዳንዱ ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ አንዳንዱ ጊዜ በላ።

መጀመሪያ «ውሃው ይመርመር» ተባለ። ገንዘብ አዋጥተን በጠርሙስ ቀድተን አንድ ቦታ አስመረመርን። ወረቀቱ ሲመጣ «ለመጠጥ ተስማሚ አይደለም» ይላል። ሐይቅ መሆኑን ለማወቅ ከፈልን ማለት ነው። የጠየቅነው ጥያቄ የተሳሳተ ነበር። ለመጠጥ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው የሰገራ ጀርም አንድም እንዳይገኝ ይጠበቃል። ለዋና ግን መለኪያው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካኖቹ በአማካይ እስከ 126 ይፈቅዳሉ፤ እሱም ተደጋግሞ ሲለካ እንጂ በአንድ ጠርሙስ አይደለም። ደግሞ ይህ ምርመራ የሰገራ ብክለትን እንጂ ቢልሃርዚያን አይናገርም። የኢ ኮላይ ቁጥሩ ቆንጆ የሆነ ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ እጭ ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ እኔ ራሴ በሽቦ ወንፊት ከፊላው ሥር ቀንድ አውጣ ለቀምኩ፤ በጓንትና በቦቲ። 31 አገኘሁ። እያንዳንዱን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ውሃውን በማይክሮስኮፕ አየሁ። አንዱም እጭ አልለቀቀም። ደስ ሊለኝ ነበር፤ በነሐሴ የሆንኩት ትዝ አለኝና ተውኩት። በሽታው ባለበት ቦታ እንኳን እጭ የሚለቁት ቀንድ አውጣዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ናቸው።

አንድ ሽማግሌ «እንዶድ ረጩበት» አሉ። ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለዓለም ያሳወቁት። ግን እንዶድ አሣም ይገድላል። እዚያ ዳር በቆሮሶ የሚተዳደር ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። ደግሞ ክፍት ሐይቅ ላይ የረጩት ነገር ወዲያው ይቀጥናል። በራሳችን የምናደርገው ነገር አይደለም ብለን ተውነው።

ኮች ሰዓቱን ወደ ንጋት እናምጣው አለ፤ ገና ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ። እጩ በዚያ ሰዓት አነስተኛ ስለሆነ እኔም ደገፍኩት። ሐሳባችንን ያፈረሱት የአሣ አጥማጆቹ ልጆች አያት ናቸው። ዝም ብለው ሰምተውን «ጉማሬውስ?» አሉ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ የሚመለሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። በእሱና በውሃው መካከል ቆሞ የተገኘ ሰው ወዮለት። «እናንተ ለሚያሳክክ ነገር ብላችሁ ልጆቹን ጉማሬ መንገድ ላይ ልታቆሟቸው ነው» አሉን። እንደገና ከድጡ ወደ ማጡ።

ከውጭ ያነበብኩት ሌላ ሕግ ደግሞ «ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ሁለት ቀን አትዋኙ» ይላል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ጎርፍ ሰገራና ቆሻሻ ጠርጎ ያስገባል። ግን በሐዋሳ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ሲሆን የማይዘንብበት ቀን ስንት ነው? ሕጉን ካከበርን ክረምቱን በሙሉ አንዋኝም። ቆይቶ ነው የገባን፦ መልሱ እሱ ራሱ ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ብቻ ዋናውን ክረምት ላይ ማድረጋችን ነው ያስቸገረን።

በመጨረሻ የሠራነው

ጥቅምት ላይ 14ቱንም ልጆች መረመርን። በዚህ ጊዜ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ነው። 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ በልኬት ተወስዶ፣ የተገኘው እንቁላል ተቆጥሮ በ24 ይባዛል። ከእያንዳንዱ ልጅ የሦስት ቀን ናሙና ወሰድኩ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ቀን ላይ ተገኘበት፤ ሦስት እንቁላል፣ ማለትም በግራም 72። ቀላል የሚባለው መጠን ነው። እንቁላሉ ጎኑ ላይ እሾህ አለው፤ ካዩት አይረሳም። በድምሩ አምስት ልጆች ተገኘባቸው። በነሐሴ ክኒን የዋጠው ልጅ ከአምስቱ አንዱ ነው።

አምስቱም እዚያ ጥግ ያዛቸው ማለት አልችልም። ሁለቱ የአሣ አጥማጅ ልጆች ከአምስቱ ውስጥ ናቸው፤ እነሱ ውሃ ውስጥ ያልነበሩበት ጊዜ የለም።

ሐኪሙ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አከማቸው፤ ዋናው ከቆመ ከሰባት ሳምንት በላይ ሆኗል። መጠኑ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ባለ 600 ሁለት ፍሬ ይውጣል። ምግብ በልተው እንዲውጡ ተደረገ። ሁለት ልጆች ማቅለሽለሽና ማዞር ነበረባቸው፤ በማግስቱ ደህና ሆኑ።

ዋናው የቀጠለው ኅዳር መጨረሻ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ገላጣው ዳር ላይ ቀረን። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ጉማሬው ከገባ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ። ልጆቹ ተነጫነጩ።

ጥልቀቱን ኮች በረጅም የቀርከሃ ዘንግ እየለካ በገመድ አጠረው። ገመዱ ከትንሹ ልጅ ወገብ አያልፍም። መንሳፈፊያው መጀመሪያ ጀሪካን ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ተሰረቀ። ጀሪካን ለሰው ዕቃ ነው፤ ማን ይተዋል? በባዶ ሃይላንድ ቀየርነው። እሱንም ቆራሌው እንዳይወስደው ገመዱን እየጠቀለልን ሻይ የሚሸጡት እትዬ ቤት እናስቀምጣለን። አንድ ጀሪካን ብቻ፣ ሲባጎ የታሰረባት፣ ሁልጊዜ ዳር ትቆማለች። እትዬ ልጆቹን ሽንት ቤታቸውን እንዲጠቀሙም ፈቀዱ። ወላጆች በየሳምንቱ ሳሙናና ትንሽ ገንዘብ ይሰጧቸዋል። ከሁሉም ነገር ርካሹና ቀላሉ ይህ ነበር፤ ከሐምሌ ጀምሮ ልናደርገው እንችል ነበር።

ውሃ ከመግባታቸው በፊት ኮችና አንድ ትልቅ ልጅ ወለሉን ያስሳሉ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ የናይለን መረብ አግኝተዋል። እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም። የአንዱ ልጅ እግር ቢጠለፍበት ኖሮ ወገብ የማይሞላው ውሃ ራሱ ያሰጥመው ነበር።

ጀማሪዎቹን ወደ አንድ ሆቴል ገንዳ ለመውሰድም ሞክረናል። ክሎሪን በደንብ የተደረገበት ገንዳ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው፤ መንሳፈፍ ለመማርም ይመቻል። ሁለት ጊዜ ሄድን። መግቢያው ለ14 ልጅ ሲባዛ ወላጆች አልቻሉም።

የያዘውና ያልያዘው

ገመዱ ሠርቷል። ሁለት አዋቂ ውሃ ውስጥ፣ አንድ አዋቂ ዳር ላይ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መቆሙም ሠርቷል። የስልኩ ነገር ግን በየሳምንቱ ጭቅጭቅ ነው። አባትየው ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ራሳቸው ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ «ከፈለጋችሁ ላሳያችሁ» ይላሉ።

ፎጣው አልያዘም። ልጆቹ እንደወጡ ሰውነታቸውን አሽተው እንዲደርቁ አድርገን ነበር። አንዳንድ እናቶች ፎጣ ካለ ፊላው ጋ መመለስ ይቻላል ማለት ጀመሩ። ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ለቆየ ልጅ ፎጣ መከላከያ አይደለም። ፎጣውን ተዉት አላልንም፤ ፎጣው ቢልሃርዚያን ይከላከላል ማለቱን ግን አቆምን።

የአሣ አጥማጆቹን ልጆች በተመለከተ ምንም አልቀየርንም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ በገመድ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ሰኞ አባታቸውን ሲረዱ ፊላው ውስጥ ጉልበታቸው ድረስ ይቆማሉ። መድኃኒቱ ዳግም እንዳይያዙ አያደርግም። በየዓመቱ መመርመር አለባቸው። አያትየው ይህን ስነግራቸው «እኛ ሐይቁን ትተን የት እንሄዳለን?» አሉ። መልስ የለኝም።

ሌላ ቡድን ቢጠይቀኝ

ከሌላ ሰፈር አንድ የስፖርት መምህር በቅርቡ ደውለውልኝ ነበር። የነገርኳቸው ይኼን ነው። ቦታ ስትመርጡ «አደጋው ምንድን ነው?» ብላችሁ አንዴ ጠይቃችሁ አትቁሙ። አንዱን አደጋ የሚያስቀር ነገር ሲገኝ «ይኼ የትኛውን ያመጣል?» በሉ። እኛ ከመስጠም ስንሸሽ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ስንሸሽ ጥልቀት፣ ከፀሐይ ስንሸሽ ጉማሬ ነው ያገኘነው።

ሐይቅ ዳር የሚውለውን ሰው መጀመሪያ ጠይቁ፤ ውሃውን ከማስመርመራችሁ በፊት። ጉማሬውንም፣ መረቡንም፣ አሸዋው የሚያልቅበትንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጅ ሐይቅ ከገባ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ካተኮሰው ለሐኪሙ «ሐይቅ ገብቶ ነበር» በሉት፤ ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም። የመጀመሪያው ሰገራ ምርመራ ምንም ካላሳየ ቀን ቆጥራችሁ ድገሙት።

መምህሩ «ላይፍ ጃኬት እንግዛ ወይ?» አሉኝ። ገንዘብ ካለ ደስ ይላል። ከሌለ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ይቁጠር።

የእኛ ቆጣሪ ያ የ9 ዓመት ልጅ ነው። ከመስከረም ወዲህ ውሃ አልገባም፤ ማንም አላስገደደውም። ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኮች በተሰጠችው የእጅ ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ጭንቅላት ይቆጥራል። 13 መምጣት አለበት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ 12 መጣበት። ፊሽካውን ነፋ። ሁሉም ወጡ። ሁለት አዋቂ ገመዱን ይዘው ጠለቁ። አሥራ ሦስተኛዋ ከእትዬ ሽንት ቤት እጇን እየጠራረገች መጣች፤ ምን ሆናችሁ ብላ አየችን።

ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ኮች ከውሃው ወጥቶ ትንፋሹ ሲመለስለት «ጎበዝ» አለው። «ሲገቡ ደግሞ እንደገና ቁጠር።»